ድሮን ከአብራሪው ቁጥጥር እንዳይወጣ ስለ መጠበቅ፤ ከወጣም በኋላ ስለሚደረገው

ሰው ሳይሳፈርበት ከምድር በሬዲዮ እየታዘዘ የሚበርረው፣ በተለምዶ ድሮን የሚባለው ትንሽ አይሮፕላን፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከጦር መሣሪያነት አልፎ የነጋዴ ዕቃ ሆኗል። በብዙ አገር አስመጪው በካርቶን ያስመጣዋል፤ ባለሱቁ በመስታወት ውስጥ ደርድሮ ይሸጠዋል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ለሠርግ፣ የሕንፃ ተቋራጩ ጣሪያ ለመመርመር፣ ባለእርሻው ማሳውን ለመቃኘት ይገዛዋል ወይም ይከራየዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ እንደ ሬዲዮ ወይም እንደ ልብስ ስፌት መኪና ከገዢው ቤት ገብቶ የሚቀመጥ አይደለም። በተበላሸ ጊዜ ባለበት አይቆምም፤ ይወድቃል፣ አለዚያም ነፋስ ይዞት ይሄዳል። የሚወድቅበትም ስፍራ የባለቤቱ ግቢ መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ስለዚህ ዕቃውን የሚያስመጣ፣ የሚሸጥ፣ የሚያከራይ ወይም በሥራው ላይ የሚያሠማራ ነጋዴ ሁሉ፣ ድሮን በምን ምክንያት ከአብራሪው እጅ እንደሚያመልጥ፣ ባመለጠም ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ጠንቅቆ ማወቅ ይጠቅመዋል። «አብራሪ ቀጥሬአለሁ፤ የሚመጣው ጣጣ የእርሱ ነው» የሚል ነጋዴ ቢኖር ተሳስቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ከዚህም በላይ በኢትዮጵያ ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፤ ፈቃዱን ሳይዝ የመጣ ዕቃ በጉምሩክ ተይዞ ይቀራል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ሥራ ለሚገባ ሰው ነው።

ከሰሞኑ ታሪክ የተወሰዱ ምሳሌዎች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2018 በሆንግ ኮንግ ወደብ በተደረገው የወይን ጠጅና የምግብ በዓል ላይ፣ ብርሃን የተሸከሙ ብዙ ድሮኖች በአንድነት ተነሥተው በሰማይ ላይ ሥዕል ይሠሩ ነበር። ትርኢቱ በመካከል ሳለ 46ቱ ከሰማይ ረገፉ። ጉዳቱ 1 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ ሆኖ ተገመተ። አዘጋጆቹ እንደገለጹት ምክንያቱ የሞተር ብልሽት አልነበረም፤ ድሮኖቹ ቦታቸውን የሚያውቁበትን የጂፒኤስ ምልክት አንድ ባዕድ ሞገድ ስለ ሸፈነባቸው ነበር። ሞተሩ ደኅና፣ ባትሪው ሙሉ፣ አብራሪው የሠለጠነ ሆኖ ሳለ መሣሪያው የቆመበትን ስፍራ ማወቅ ከተሳነው እንደ ዕውር መሆኑን ይህ ነገር በግልጽ ያስረዳል።

በስዊዘርላንድ አገር የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። የአገሩ ፖስታ ድርጅት የሐኪም ቤት ናሙናዎችን ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው በድሮን ያመላልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 አንዱ ድሮን በኤሌክትሪክ ብልሽት ምክንያት በረራውን አቋርጦ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከዙሪክ ሐይቅ ወደቀ። ጃንጥላው ሥራውን ስለ ሠራ ሰው አልተጎዳም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ግን ሁለተኛው ድሮን በዙሪክ ከተማ ጫካ ላይ ብልሽት ገጠመው፤ ጃንጥላውም ተዘረጋ፤ ነገር ግን ጃንጥላውን ከድሮኑ ጋር የሚያያይዘው ገመድ ተበጠሰ። አሥር ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ዕቃ ሕፃናት ከሚጫወቱበት ስፍራ ብዙም ሳይርቅ ተከሰከሰ። ድርጅቱ አገልግሎቱን አቁሞ ገመዱን በጠንካራ ለመለወጥ ተገደደ። መጠባበቂያ አለኝ ብሎ መመካት ብቻውን አይበቃም፤ መጠባበቂያውም ራሱ መመርመር አለበት።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሰው ስሕተት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2017 በኒው ዮርክ ከተማ አጠገብ አንድ የመዝናኛ ድሮን ከጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። ሄሊኮፕተሩ በደኅና አረፈ። በምርመራው እንደ ታወቀው አብራሪው ድሮኑን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እንዲሄድ ለቆት ነበር፤ በዐይኑ ሊያየው አይችልም ነበር፤ የሚመለከተው የታብሌቱን መስታወት ብቻ ነበር። መጋጨቱንም ያወቀው በኋላ መርማሪዎች ሲነግሩት ነው። በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያ እየሠራ ሳለ እንኳ ይህ ሰው መሣሪያውን ይቆጣጠር ነበር ለማለት አይቻልም።

ድሮን በምን ይታዘዛል?

ብልሽትን ለመከላከል የአሠራሩን መሠረት ማወቅ ያስፈልጋል። አራት ፕሮፔለር ያለው ድሮን በራሱ ባሕርይ በአየር ላይ ጸንቶ የሚቆም መሣሪያ አይደለም። ጸንቶ የሚቆመው በውስጡ ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር የአራቱን ሞተሮች ፍጥነት በየቅጽበቱ ስለሚያስተካክል ነው። ኮምፒዩተሩ ዘንበል ማለቱን በራሱ መለኪያዎች ያውቃል፤ ወዴት እንደ ዞረ በኮምፓስ ያውቃል፤ የት እንደ ቆመ ከሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ያውቃል፤ የአብራሪውን ትእዛዝ ደግሞ በሬዲዮ ይቀበላል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ድሮኑ በየራሱ ዓይነት ያምፃል፤ ስለዚህም ብልህ አብራሪ ድሮኑ እንዴት እንዳመፀ አይቶ ምን እንደ ጎደለው ይረዳል።

ሬዲዮው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ2.4 ወይም በ5.8 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ የቤትና የቢሮ ዋይፋይም የሚጠቀምበት ስለሆነ፣ በንግድ ቤቶችና በአፓርታማዎች መካከል ባለው ሥፍራ እንደ ገበያ ቀን ጫጫታ የተጨናነቀ ነው። አምራቹ በካርቶኑ ላይ «እስከ 8 ኪሎ ሜትር» ወይም «እስከ 10 ኪሎ ሜትር» ብሎ የሚጽፈው ቁጥር መከለያና ጫጫታ በሌለበት ሜዳ የተለካ ነው፤ ከከተማ መካከል ይህን ቁጥር የሚጠብቅ ገዢ ያዝናል። ሻጩም ይህን ቁጥር እንደ ተስፋ ቃል አድርጎ ባይናገር ይሻላል።

ኮምፓሱ የምድርን ማግኔት ይከተላል፤ ብረት በአጠገቡ ካለ ይታለላል። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ድሮኑን ከሕንፃ ሰገነት ላይ ማስነሣት ነው። ሰገነቱ ሲታይ ንጹሕ ሲሚንቶ ነው፤ በውስጡ ግን በፌሮ ብረት የተሞላ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመኪና ቦኔት፣ የብረት አጥር፣ የጉድጓድ ክዳን ሁሉ እንዲሁ ነው። ኮምፓሱ የተታለለ ድሮን ባለበት ለመቆም ሲሞክር ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ራሱን ያስተካክላል፤ ስሕተቱን ለማረም እንደ ገና ይሳሳታል፤ በመጨረሻም እየሰፋ በሚሄድ ክብ ይሽከረከራል። ድሮን ከተነሣ በኋላ ሳይታዘዝ እንደ ጆፌ አሞራ ክብ መሥራት ከጀመረ፣ ከፍ ሳይል ወዲያው ማውረድ ነው።

የሳተላይቱን ጉዳይ በሚመለከት፣ ዛሬ የሚሸጡት ድሮኖች ብዙዎቹ የአሜሪካኑን ጂፒኤስ ብቻ ሳይሆን የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ ወይም የቻይናውን ቤይዱ ጭምር ይጠቀማሉ። ሆኖም በሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል፣ በድልድይ ሥር ወይም በመጋዘን ውስጥ ሰማዩ ስለማይታይ ምልክቱ ይቋረጣል። በዚያን ጊዜ ድሮኑ አይወድቅም፤ ግን ባለበት መቆሙን ይተውና ነፋስ ወደ ገፋው ይንሳፈፋል። ብዙ ሰው «ድሮኑ ሸሸ» የሚለው ይህን ነው። በእውነቱ ድሮኑ አልሸሸም፤ በእጅ እንዲመራ ተትቶ የሚመራው ሰው ስላጣ ነው እንጂ።

ከመነሣቱ በፊት

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የመመለሻውን ነጥብ ማረጋገጥ ነው። ድሮኑ ከመቆጣጠሪያው ጋር የነበረው ግንኙነት በተቋረጠ ጊዜ፣ አብዛኛው ዓይነት በራሱ ፈቃድ ወደ ተነሣበት ቦታ እንዲመለስ ሆኖ ተሠርቷል። ነገር ግን የተነሣበትን ቦታ የሚያውቀው ሳተላይቶቹን ካገኘ በኋላ መዝግቦት እንደሆነ ብቻ ነው። የቸኮለ አብራሪ ሳተላይቱ ሳይገኝ ቢያስነሣው፣ ድሮኑ በአየር ላይ ሳለ ምልክቱን ባገኘበት ቦታ ያንን እንደ ቤቱ ይቈጥረዋል፤ ይህም ቦታ የጎረቤት ጣሪያ ወይም አውራ ጎዳና ሊሆን ይችላል። ሁለት ደቂቃ መታገሥ ከዚህ ሁሉ ያድናል። ከጀልባ ወይም ከሚሄድ መኪና ላይ የሚያስነሣ ሰውም ጀልባውና መኪናው ቢሄዱም የመመለሻው ነጥብ ባለበት እንደሚቀር ያስብ።

ሁለተኛው የመመለሻው ከፍታ ነው። ድሮኑ ሲመለስ አስቀድሞ ወደ ተወሰነለት ከፍታ ይወጣና በቀጥታ መሥመር ይጓዛል። ከፍታው 30 ሜትር ተብሎ ተቀምጦ እንደሆነ፣ በመካከሉ ያደገ ባሕር ዛፍ፣ የሕንፃ ሥራ ክሬን ወይም የከፍተኛ ኃይል ሽቦ ካለ ግጭቱ የማይቀር ነው። አንዳንዶቹ ዓይነቶች ፊት ለፊት ያለውን እንቅፋት የሚያዩበት መሣሪያ ቢኖራቸውም ቀጭን ሽቦን አያዩም፤ በማታም ብዙዎቹ አያዩም። ስለዚህ አብራሪው በዙሪያው ካለው ከሁሉ የሚበልጠውን ረጅም ነገር በዐይኑ ገምቶ፣ በዚያ ላይ በቂ ትርፍ ጨምሮ ከፍታውን ራሱ ማስቀመጥ ይገባዋል። ከፍታው ግን በሕግ ከተፈቀደው እንዳይበልጥ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተለመደው ወሰን 120 ሜትር ገደማ ነው። በመጋዘን ውስጥ ለሚበር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ላይ ውጣና ተመለስ የሚለው ትእዛዝ ጣሪያውን እንዲመታ ያደርገዋል፤ እዚያ የሚመረጠው «ባለህበት ውረድ» የሚለው ነው።

ባትሪውን በሚመለከት የሚነገረው ብዙ ነው። ያበጠ ባትሪ ፈጽሞ አይነካ። ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት የተሞላ ባትሪ፣ የዛሬዎቹ ባትሪዎች ራሳቸውን ቀስ በቀስ ስለሚያጎድሉ፣ በዕለቱ እንደ ገና ይሞላ። ያረጀ ባትሪ 30 በመቶ አለኝ ብሎ እያሳየ በድንገት ወደ ምንም ይወርዳል፤ ደጋ አገር በማለዳ ብርድ ደግሞ ደኅናውም ባትሪ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከኪስ ወይም ከመኪና ውስጥ ሙቀት ወጥቶ፣ ዝቅ ብሎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከቆመ በኋላ ወደ ሥራው ይሂድ። ባትሪው ከቤቱ ሲገባ እስኪጮኽ ድረስ መገፋቱም ይታይ። በአየር ላይ ሳለ ድንገት ጠፍቶ የወደቀ ድሮን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ሳይሆን በሚገባ ያልተቆለፈ ባትሪ ነው።

የአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስብ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው። ፕሮፔለር የሚገፋው አየር ሲሳሳ ሞተሩ በፍጥነት መዞር ግድ ይሆንበታል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የበረራ ጊዜ የቆላ አገር ሒሳብ ነው። ካሜራና መብራት የተጫነበት ድሮን ደግሞ ለነፋስ የሚሆን ትርፍ ኃይል አይቀርለትም። ከተቀነሰው ጊዜ ላይ ሲሶውን ለመመለሻ አስቀርቶ ማሰብ የተሻለ ነው።

ነፋሱንም በተመለከተ የሚከተለውን ሒሳብ ማስታወስ ብዙ ዕቃ ያድናል። አንድ ድሮን በጸጥታ አየር በሴኮንድ 12 ሜትር የሚሄድ ቢሆንና ነፋሱ በሴኮንድ 8 ሜትር ከኋላው ቢገፋው፣ 1,000 ሜትር ርቆ ለመሄድ 50 ሴኮንድ ብቻ ይበቃዋል። አብራሪውም በደስታ «እንዴት ፈጣን ነው!» ይላል። ሲመለስ ግን ነፋሱ ፊት ለፊቱ ስለሆነ በሴኮንድ 4 ሜትር ብቻ ይራመዳል፤ ለዚያችው መንገድ 250 ሴኮንድ፣ ማለት ከአራት ደቂቃ በላይ፣ ይፈጅበታል። ባትሪው የሚያልቀው በዚህች መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ነፋሱ አስቀድሞ መሄድ፣ ከነፋሱ ጋር መመለስ የጥንቱ የመርከብ ሰዎች ጥበብ ነበር፤ ለድሮንም ይሠራል። ከምድር ላይ ጸጥ ያለ ቢመስልም በ100 ሜትር ከፍታ ነፋሱ ብርቱ ሊሆን እንደሚችል አይዘንጋ፤ የባሕር ዛፍ ጫፍና የሰንደቅ ዓላማ ጨርቅ ጥሩ ምስክር ናቸው።

የፕሮፔለሩ ጠርዝ ጥቂት የተሸረፈ እንደሆነ ዋጋው ኢምንት ስለሆነ ይለወጥ እንጂ አይሞከር። ይህ ብዙ ሊባልበት አያስፈልግም።

ባመለጠ ጊዜ

ድሮን አልታዘዝም ባለ ጊዜ የሰው የመጀመሪያ ተግባሩ መደንገጥ፣ ሁለቱንም የመሪ ዘንጎች እስከ ጥግ መግፋት ነው። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። አስቀድሞ ሁለቱንም ዘንጎች መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ዘንጎቹ ወደ መካከላቸው ይመለሳሉ፤ ደኅና ድሮን እንደሆነ ባለበት ይቆማል። በዚህች በሁለት ሴኮንድ ጊዜ ውስጥ አብራሪው የጎደለው ምን እንደሆነ ለማየት ይችላል።

ምሥሉ ከስልኩ መስታወት ላይ ጠፍቶ ከሆነ ይህ መቆጣጠር ጠፋ ማለት አይደለም። የስልኩ ፕሮግራም ሊቆም፣ ሽቦው ሊነቀል ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ግን አሁንም ትእዛዝ ይልካል። ዐይንን ከስልኩ አንሥቶ ወደ ሰማይ መመልከት፣ ዘንጉን ጥቂት ነክቶ ድሮኑ መልስ መስጠቱን ማየት ነው። መልስ ከሰጠ በዐይን እየተመራ ይመለስ።

መልስ ካልሰጠ ሬዲዮው ተቋርጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ አብራሪው ፊቱን ወደ ድሮኑ መልሶ መቆጣጠሪያውን ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ የአንቴናውን ጫፍ ሳይሆን ጎኑን ወደ ድሮኑ ያድርግ፤ ከአንቴናው ጫፍ የሚወጣው ኃይል በጣም ጥቂት ነውና። በመካከላቸው ግድግዳ ወይም ዛፍ ካለ ጥቂት እርምጃ ወደ ገላጣ ስፍራ ይሂድ። መቆጣጠሪያውን አጥፍቶ ማብራት ግን የመጨረሻው ነገር ይሁን። ግንኙነቱ ካልተመለሰ ድሮኑ በራሱ ይመለሳል፤ አብራሪው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ትዕግሥት ብቻ ነው። በመመለስ ላይ ሳለ ግንኙነቱ ቢቀና ወዲያው ዘንጉን ነጥቆ ከመጎተት፣ መመለሱ በትክክል እየሄደ እንደሆነ መተው ይሻላል።

ድሮኑ ትእዛዝ እየተቀበለ ነፋስ ይዞት የሚሄድ እንደሆነ ዝቅ ማድረግ ነው። ከምድር አጠገብ ነፋሱ ይቀንሳል። ሰው ሁሉ ዕቃው ሲርቅበት ከፍ ለማድረግ ይፈልጋል፤ ከፍ ማድረግ ወደ ባሰው ነፋስ መስጠት ነው። ባትሪው ለመመለስ እንደማይበቃው ከታወቀ ደግሞ፣ ገና ኃይል ሳለው ባዶ ሜዳ መርጦ ማሳረፍ፣ በኋላ በእግር ሄዶ መፈለግ ይቀላል። ብዙ ድሮን የጠፋው «ትንሽ ይደርሳል» በሚል ተስፋ ነው።

ድሮኑ ሩቅ ሆኖ ፊቱና ጀርባው የጠፋበት አብራሪ፣ ዘንጉን ወደ ፊት ጥቂት ገፍቶ ወደ የት እንደሚሄድ ይመልከት፤ ፊቱ በዚያ ነው። ፊቱ ወደ አብራሪው የዞረ ድሮን ግራና ቀኙ ይገለበጣልና፣ ለጀማሪ ጅራቱን ወደ ራሱ አዙሮ መመለስ ይቀለዋል። በቀጥታ ወደ ታች በፍጥነት ሲወርድ ድንገት መንቀጥቀጥ የጀመረ ድሮንም ራሱ ባወረደው የተናወጠ አየር ውስጥ ገብቷል፤ ኃይል መጨመር አያድነውም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ፊት ማራመድ ያወጣዋል። ጭልፊት ቢያጠቃው ደግሞ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ወፎቹ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን በቀላሉ አይከተሉም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው፣ ድሮኑ ወደ ሰው ስብሰባ ሲያመራ ነው። በዚህ ጊዜ ዕቃውን ለማዳን ማሰብ አይገባም። «ወደ ላይ ተመልከቱ! ሽሹ!» ብሎ በጩኸት ማስጠንቀቅ ይቅደም። ከዚያም ሰው የሌለበትን ዛፍ፣ ቁጥቋጦ ወይም ባዶ ሜዳ መርጦ እዚያ መጣል ነው። በአየር ላይ ሞተሩን የሚያጠፋ ትእዛዝ በብዙዎቹ ዓይነቶች ላይ አለ፤ በአንዳንዶቹ ሁለቱን ዘንጎች ወደ ታችና ወደ ውስጥ በመጎተት፣ በሌሎቹ በሌላ አኳኋን ስለሚደረግ አብራሪው የእርሱ ዓይነት እንዴት እንደሆነ ከመመሪያው አስቀድሞ አንብቦ ይወቅ። ሞተሩ የጠፋ ድሮን እንደ ድንጋይ ስለሚወድቅ ከሥሩ ሰው አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ይህ አይደረግም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2015 በጣሊያን አገር በበረዶ መንሸራተት ውድድር ላይ ካሜራ የተሸከመ ድሮን ከአንድ ተወዳዳሪ ጀርባ ለጥቂት ስቶት ተከስክሷል፤ ከዚያ ወዲያ የስፖርቱ ማኅበር በውድድሮቹ ላይ ድሮን ከለከለ። ከሰው በላይ የሚበር ድሮን ለሠርጉም ቢሆን ለውድድሩ ይህ አደጋ ስላለበት፣ ብልህ ባለሙያ ከሕዝቡ በላይ ሳይሆን ከሕዝቡ ጎን ያበርራል። ሙሽሮቹ ከላይ ካልተነሣን ቢሉም።

ወደ አይሮፕላን ማረፊያ አቅጣጫ ያመለጠ ድሮን ለባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያለ መዘግየት ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በስልክ መንገር፣ የሄደበትን አቅጣጫ፣ ከፍታውንና የቀረውን የባትሪ ጊዜ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ቅጣት ፈርቶ ዝም ማለት ቅጣቱን ያበዛዋል። የስልክ ቁጥሩም ድሮኑ ካመለጠ በኋላ የሚፈለግ ሳይሆን ከመነሣቱ በፊት በኪስ የሚያዝ ነው።

ከወደቀ በኋላ

ድሮኑ ከዐይን ከተሰወረ፣ የጠፋበትን አቅጣጫ ከአንድ ጉልህ ሕንፃ ወይም ዛፍ ጋር አገናኝቶ ወዲያው ምልክት ማድረግ ይጠቅማል። የስልኩ ፕሮግራም የመጨረሻውን ቦታ መዝግቦ ይይዛል፤ ፕሮግራሙን ሳያጠፉ ያን ማየት ነው። ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ ነፋሱ ወደ ሄደበት አቅጣጫ መፈለግ ነው። ወደ ሰው ግቢ ከገባ ባለቤቱን አስፈቅዶ መግባት፣ ጉዳት አድርሶ እንደሆነም ድሮኑን ከማንሣት በፊት በፎቶግራፍ መያዝና ለሚመለከተው መንገር ይገባል። ኢንሹራንስ ያለው ነጋዴ ውሉን አስቀድሞ ያንብብ፤ ተራ የንብረት ኢንሹራንስ በአየር ላይ የሚበር ዕቃን እንዲሸፍን ሆኖ ላይጻፍ ይችላል።

የወደቀው ድሮን ባትሪ ከውጭ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ተሰንጥቆ ከሆነ ከሰዓታት በኋላ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ወይም ወደ መጋዘን ወዲያው አይግባ። ከሚቃጠል ነገር ርቆ በሜዳ ላይ፣ በአሸዋ ወይም በብረት ሣጥን ውስጥ ይቆይ። ከጨርቅ ጥቅልና ከቀለም ቆርቆሮ አጠገብ ያስቀመጠው ባለሱቅ ጠቅላላ ንብረቱን ለእሳት አስይዟል።

ለአስመጪና ለባለሱቅ

ዕቃውን በአይሮፕላን የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ለብቻቸው የሚጫኑ የሊቲየም ባትሪዎች እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ በመንገደኞች አይሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄዱ መከልከላቸውን፣ በጭነት አይሮፕላንም ቢሆን ኃይላቸው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ መወሰኑን ያስታውስ። ትርፍ ባትሪ ለብቻው ያዘዘ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ዋጋ ከተዋዋለ፣ ጭነቱ በላኪው ወደብ ተጥሎ ይቆይበታል። በሻንጣ የሚያመጣ መንገደኛ ደግሞ ትርፍ ባትሪን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አያደርግም፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ሱቅ ውስጥ የሚቀመጥ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳይሆን እኩሌታ ገደማ ሆኖ ይቀመጥ፤ ሙሉ ሆኖ ለወራት የተቀመጠ ባትሪ ከመሸጡ በፊት አርጅቷል፤ ከላይ የተነገረው ድንገተኛ መጥፋትም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ገዢው ሲመጣ ሻጩ ሦስት ነገር በቃል ሳይሆን በተግባር ቢያሳየው ለሁለቱም ይበጃል፤ የመመለሻውን ቁልፍ፣ የመመለሻውን ከፍታ የሚያስቀምጥበትን ስፍራ፣ ሞተሩን በአደጋ ጊዜ የሚያጠፋበትን አኳኋን። መመሪያው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ ስለሚሆን፣ እነዚህን በአማርኛ በአንድ ገጽ አሳትሞ ከካርቶኑ ጋር መስጠት ወጪው አነስተኛ ነው። ተሰብሮ የሚመለስበትን ዕቃ ለማነስም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም።

ያገለገለ ድሮን የሚገዛም የሚሸጥም ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ብዙዎቹ ዓይነቶች በመጀመሪያው ባለቤት ስም በኢንተርኔት ላይ ይመዘገባሉ። ይህ ምዝገባ ካልተፈታ አዲሱ ባለቤት ድሮኑን ለማስነሣት ሊቸገር፣ ሶፍትዌሩንም ለማደስ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ሒሳቡን ከመቀበሉ በፊት ምዝገባውን በገዢው ፊት ይፍታ፤ ገዢውም በራሱ ስልክ ከፍቶ፣ ሳተላይቶቹን አግኝቶ፣ በሜዳ ላይ 3 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርጎ ለሁለት ደቂቃ ባለበት ያቁመው። ክብ ሳይሠራ፣ ሳይንሳፈፍና ሳይንቀጠቀጥ ከቆመ፣ መመለሻውን ተጭኖ ወደ ተነሣበት ነጥብ መውረዱን ካየ በኋላ ገንዘቡን ይቍጠርለት።